የቴፑ ጭራ

የመዝገብ ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ በስቱዲዮው ቃጠሎ ሕይወቱ አልፏል። ቃጠሎውን ያስነሣው የስቱዲዮው ዘበኛ ሲሆን፣ አደጋውን አድርሶ ተሰውሯል።»

የዘበኛው ልጅ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «አባቴ እሳት አልለኮሰም። የትም አልተሰወረም። በዚያ ሰውዬ ስም የተቀበረው አባቴ ነው።»

ካርዱ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃሉን አልለወጠም። ሴትየዋም አልለወጠችም።

የፊልም ማከማቻው የድምፅ ባለሙያ ሁለቱንም በቃሏ ይዛቸዋለች። ካርዱን ከቢጫ ወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የገለበጠችው እሷ ናት። ሴትየዋን ደግሞ በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሰሞን በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ታገኛታለች። ሠራተኞቹ በሌለችበት «የዝናብ ሴትዮ» ይሏታል። የፕላስቲክ ማኅደሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ «የተገኘ አዲስ ነገር አለ?» ትላለች፤ «የለም፣ እትዬ» ሲሏት፣ «እሺ፣ ለከርሞ» ብላ ትነሣለች። ባለሙያዋ ከሁለቱ ቃል የትኛው እውነት እንደሆነ አስባ አታውቅም ማለት አይቻልም። አስባለች። ግን እንደ ሰው ጉዳይ ነው ያሰበችው፤ የሰው ጉዳይ ደግሞ ከቢሮ ሲወጡ በር ላይ ይቀራል።

ያን ቀን ጠዋት «አራስ ቤት» ጮኸ። አራስ ቤት የሚሏት በክፍሉ ጥግ ያለችውን ትንሽ ማሞቂያ ሣጥን ነው። ያረጀ ቴፕ በእርጥበት ብዛት እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ እንዲሁ ቢያጫውቱት ይላጣል። ስለዚህ በለስላሳ ሙቀት ብዙ ሰዓት ይተኛል፤ ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ባለሙያዋ ሪሉን፣ የቴፑን ጥቅል፣ በሁለት እጇ አውጥታ በመብራቱ አንጻር አየችው። ጫፉ ላይ ቡናማ ዱቄት ማራገፍ ጀምሯል።

አለቃዋ በበሩ አንገቱን አስገባ። «ጆሮ! ሰውዬው ነቃ ወይስ አሁንም ተኝቷል?»

በመሥሪያ ቤቱ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚላት።

«ነቅቷል፣ ጋሼ። ግን ሽማግሌ ነው። አንዴ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ይድገም ቢሉት አይችልም።»

«ምነው አማቴ እንደሱ በሆነች!» አለና ገባ። «በይ ስሚ። ዓርብ ፊልሙን የሚያዩት እንግዶች ይመጣሉ። ምስሉ ጸድቷል፤ የጎደለው ሙዚቃው ብቻ ነው። ራሱንና ጭራውን ቁረጪና ሙዚቃውን ብቻ ስጪኝ። ካርዱን ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ማተሚያ ቤት እልካለሁ፤ እንደነበረ ነው፣ 'ለሟቹ መታሰቢያ' የምትል ብቻ ጨምሬበታለሁ።»

«ሴትየዋ ከመጣችስ?»

አለቃው ማጅራቱን አከከ። ክፉ ሰው አይደለም። «አዲስ ነገር ቢገኝ እኮ ካርዱን የማርመው እኔ ነኝ፤ የለም እንጂ» አለና ወጣ።

ፊልሙ ስለ አንዲት የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ የተሠራ ነው። ስቱዲዮው ሲቃጠል ምስሉ ሌላ ቦታ ስለነበር ተረፈ፤ ሙዚቃው ግን ጠፋ ተባለ። አምና ዳይሬክተሩ ሲሞት ቤተሰቦቹ ዕቃውን ለማከማቻው አስረከቡ፤ ከጫማ ሣጥኖች መካከል ይህ አንድ ሪል ወጣ። ዳይሬክተሩ ለምን አርባ ዓመት ደብቆ እንዳስቀመጠው፣ አጫውቶት ይሁን አይሁን፣ የሚያውቅ የለም።

የሥራው ደንብ ቀላል ነው። ከሙዚቃው በፊት ያለው ወሬ፣ ሳልና የወንበር ድምፅ «ራስ» ይባላል፤ በኋላ ያለው «ጭራ»። ለሕዝብ ሲቀርብ ሁለቱም ይቆረጣሉ። ማከማቻው ጠባብ ስለሆነ የተቆረጠ አይቀመጥም። ባለሙያዋ በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ስንት ራስና ስንት ጭራ እንደጣለች ቁጥሩን አታውቀውም።

ቴፑን አጠመደች፣ ኮምፒዩተሩን ለቅጂ ከፈተች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋች፣ ማጫወቻውን ተጫነች።

መጀመሪያ የቴፑ እስትንፋስ መጣ። ወንበር ተንቋቋ። ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የወጣት ወንድ ድምፅ፦

«ትዕይንት ዐሥራ አንድ። ቲኬት ቆራጯ። አራተኛ ሙከራ። አንድ፣ ሁለት፣ እም፣ አራት…»

ሳክስፎኑ አራትን አልጠበቀም። «እም» የተባለችው ቦታ ላይ፣ ሦስት መባል በነበረበት ክፍተት፣ በር ሳያንኳኳ እንደሚገባ ዘመድ ሰተት ብሎ ገባ። ባሱ ከኋላው በትንሹ እያነከሰ ተከተለ። ከበሮው ላይ የተያዘው ብሩሽ ጠዋት ደጅ እንደሚጠርግ ሰው ሽው፣ ሽው ይላል። ፒያኖው ደግሞ ነገር አዋቂ ነው፤ ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል። ባለሙያዋ ዓይኗን ሳትከድን አውቶቡሱ ታያት፤ ያቺ ልጅ በተጨናነቀው መካከል በዳሌዋ መንገድ እየከፈተች፣ ሒሳብ እየሰበሰበች፣ ለአንዱ ብቻ ፈገግ ስትል። ሳታስበው ራሷም ፈገግ አለች። ከካርዱ ውጪ ስሙን ማንም የማያነሣው ሰው ይህን የመሰለ ነገር አበጅቶ ኖሯል! እንዲህ ያለ ጃዝ በዚያ ዘመን፣ በዚያች ጣሪያዋ በሚያፈስ ስቱዲዮ!

ሁለተኛው ዜማ ሊጀምር ድምፁ ተመለሰ። «ትዕይንት ዐሥራ አራት። ዝናብ። አንድ፣ ሁለት፣ እም፣ አራት…»

ማስታወሻ የሚጽፈው እጇ ቆመ።

ይህን አቆጣጠር ታውቀዋለች። የምታውቀው ግን ከሙዚቃ አይደለም፤ ከስፌት መኪና ነው።

አባቷ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። መኪና ጠግኖ ሲሞክር ፔዳሉን ከመርገጡ በፊት ሁልጊዜ ይቆጥራል፤ «አንድ፣ ሁለት፣ እም፣ አራት» ብሎ ይለቀዋል። ደረጃ ሲወጣም እንዲሁ ነው፣ የመድኃኒት ጠብታ ሲቆጥርም እንዲሁ። እናቷ በሕይወት ሳለች «አንተ ሰውዬ፣ ሦስትን ማን ሰረቀብህ?» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል እንጂ አይመልስም። የሰፈሩ ልጆች እንኳ ድብብቆሽ ሲጫወቱ በሱ አቆጣጠር ይቆጥሩ ነበር፤ እሷ ትምህርት ቤት ስትገባ ሦስትን እየዘለለች አስተማሪዋ ጆሮዋን ቆንጥጣታለች።

«ስንት ሰው እንዲህ ይቆጥራል» አለች ለራሷ፣ ድምፅ አውጥታ።

ሦስተኛው ዜማ፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። በእያንዳንዱ ራስ ላይ ያ ድምፅ። ወጣት ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሳቅ አለበት፤ ግን «አራት» ሲል «ራ»ዋን ትንሽ ያነሣታል፣ ልክ እንደ አባቷ። ሙዚቃው መጣፈጡን አልተወም፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ የሚጥም ነገር አልሰማችም። የምትጠብቀው ዜማዎቹን መሃል ላይ የሚያገናኘውን ድምፅ ብቻ ነበር፤ ባይመጣ ብላ እየተመኘች።

ስድስተኛው ዜማ አበቃ። እጇን ወደ ማቆሚያው ላከችና መለሰችው። ጭራው ቀረ።

በር ተከፈተ። የዝናብ ድምፅ ገብቶ ክፍሉን ሞላው። ሌላ ሰው፣ ጎርናና፣ እያለከለከ፦

«ጌታዬ፣ ጣሪያው ለቆታል። የትናንቶቹ ቴፖች ረጠቡ!»

«ውይ! በል ማሞቂያውን አምጣና እዚሁ ሰካው። ክዳናቸውን ክፈትና ዙሪያውን ደርድራቸው። ጠጋ አድርጋቸው፣ ጠጋ!»

«እንዲህ ተጠግተው አይነዱም?»

«አይነዱም፣ አይዞህ። እኔ ይህን ለዳይሬክተሩ አድርሼ መጣሁ። እስክመለስ ከቴፖቹ እንዳትለይ። በሩን ዝጋው፣ እርጥበት እንዳይገባ። ደግሞ እንዴት ነው የምትንቀጠቀጠው! ና፣ ኮቴን ልበስ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እሮጣለሁ። የሚሮጥ ሰው ይበርደዋል እንዴ?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ምንም።

የቴፑ ጫፍ ከሪሉ ወጥቶ ጠረጴዛውን በጥፊ ይመታ ጀመር። ባለሙያዋ አላቆመችውም። ማንበቢያው ብረት ላይ ቡናማ ዱቄት ተከምሯል፤ ሙዚቃውም፣ ወሬውም፣ ዝናቡም ከቴፑ ላይ ረግፈው አልቀዋል። አሁን ያሉት ኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለ አንድ ፋይል ብቻ ነው። በማያ ገጹ ላይ የድምፁ ሞገድ ስድስት ትልልቅ ኮረብታዎች ሆኖ ይታያል፤ በመጨረሻ ደግሞ አንዲት ጉብታ፣ የዐርባ ሰከንድ ጉብታ። በጣት አንድ ጊዜ ብትነካ ትጠፋለች። ያውም በደንቡ መሠረት፣ ያውም በአለቃ ትእዛዝ።

ማዳመጫውን አውልቃ ተነሣች።

አለቃዋን «ራስ ምታት ይዞኛል፣ መድኃኒት ገዝቼ ልምጣ» ብላው ወጣች። ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም ጥርጣሬ አልገባውም፣ «ለኔም ያዢልኝ» አላት።

የአባቷ ሱቅ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ናት፤ ቁመት ያለው ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባባትም። ሬዲዮ የላትም። በቤታቸውም ሙዚቃ ሲጀምር ሬዲዮ የሚዘጋው እሱ ነበር፤ «ጆሮዬን ለሥራ አስቀምጬዋለሁ» እያለ። ስትደርስ አንዲት ልብስ ሰፊ ቆማበት ነበር።

«ጋሼ መርፌ፣ መኪናዬ ታለቅሳለች እኮ ነው የምልዎት!»

«አታለቅስም። ጠምቷታል። ዘይት ስትሰጫት ዝም ትላለች፣ እንደ ባልሽ አይደለችም።»

ሴትየዋ እየሳቀች ወጣች። አባቷ ቀና አለ። «ምነው በሥራ ሰዓት? አመመሽ?»

መንገድ ላይ ብዙ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታ ነበር። አንዱም አልመጣላትም።

«ትዕይንት ዐሥራ አንድ» አለች። «ቲኬት ቆራጯ። አራተኛ ሙከራ።»

እጁ የመኪናዋ መዘውር ላይ እንደነበረ ቀረ። ግራ እጁ ነው፤ ከመዳፉ እስከ አንጓው ቆዳው እንደ ሰም የሚያብረቀርቀው። በልጅነቱ ትኩስ ዘይት ፈስሶበት እንደሆነ ነው የነገራት። ደረጃው ላይ ሰው ሲወጣ ኮቴው ከራሳቸው በላይ ተሰማ፤ አባቷ ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀ።

«ሳክስፎኑ ይሰማል?» አለ።

«አባዬ!»

«ይሰማል ወይ ነው የምልሽ።»

«ይሰማል። ትናንት የተቀዳ ነው የሚመስለው።»

«ከማይክሮፎኑ ርቆ ነበር የቆመው። ቅረብ ብለው እምቢ አለኝ። ተጣላን።» ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተንቀጠቀጠ። «ለካ እሱ ነበር ልክ።» ከዚያ ፊቱ ባንዴ አመድ መሰለ። «ማን ሰማው?»

«እኔ ብቻ።»

ተነሥቶ የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ ሳበው። በጠራራ ቀን ሱቅ ሲዘጋ አይታው አታውቅም። ጨለም ባለው ውስጥ መኪናዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሁለቱን የሚያዳምጡ መሰሉ።

«ጭራውስ?» አለ በሹክሹክታ።

«ሙሉ ነው። ማሞቂያው። ኮቱ።»

ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። መናገር ሲጀምር እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነው የተናገረው፤ ቀስ እያለ፣ ያለ ልቅሶ። ዳይሬክተሩ ቤት ሲደርስ ሰው አልነበረም፤ ሪሉን በረንዳው ላይ ካለ ወንበር አስቀምጦ ተመለሰ። ሲመለስ ስቱዲዮው ይነዳል። በሩ በዝናብ አብጦ ተጣብቋል። እጀታውን ይዞ ጎተተ፤ ብረቱ ግሎ ኖሮ ቆዳው እዚያው ቀረ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማ እንደነበር ጠየቀችው። ግራ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ገልብጦ ደፋው።

«ሰው ሲመጣ ሸሸሁ። ሌላ ከተማ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ጋዜጣ ላይ ስሜን አነበብኩ፤ ሞቻለሁ። ኮቱ ኪስ ውስጥ መታወቂያዬ ነበር። ዘበኛውን ደግሞ ለኩሶ ጠፋ አሉት።»

«ለምን አለሁ አላልክም?»

«ፈራሁ። ማሞቂያውን ጠጋ አድርግ ያልኩት እኔ፣ በሩን ዝጋ ያልኩት እኔ። በማግሥቱ ደግሞ፣ ትናንት ለምን ዝም አልክ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በዓመቱም፣ አምና ለምን ይሉኛል ብዬ። ፍርሃት እንደ ስፌት ነው ልጄ፤ አንዲት ቦታ ካመለጠ እስከ ጫፉ ይተረተራል። ሰባት ዓመት ቆይቼ ስመለስ እናትሽን አገባሁ። ለሷም አልነገርኳት።»

«እኔ ከስሜ ቀጥሎ የምጽፈው ሰውዬስ? እሱ ማነው?»

አባቷ ወደ መሬት አየ። «የሱቅ ታፔላ ላይ ያነበብኩት ስም ነው። ስፌት መኪና የሚሸጥ ሰው ነበር። ደግ መሰለኝ።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት። በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በዲፕሎማዋ፣ በሥራ መታወቂያዋ ላይ የአንድ የማታውቀው ነጋዴ ልጅ ሆና ኖራለች። መሳቅም ማልቀስም አማራት፤ ሁለቱም እምቢ አሏት።

«ያስሩኛል?» አለ አባቷ። እንደ ሕፃን ነበር የጠየቃት።

«አላውቅም፣ አባዬ።»

«ሰፈሩ… እነዚህ ሴቶች… መኪናቸውን ያመጡልኛል ብለሽ ነው?»

«አላውቅም።» እጁን መያዝ ፈለገች፤ የትኛውን እጅ እንደሆነ አላወቀችም። «የዘበኛው ልጅ በየዓመቱ ትመጣለች። ክረምት ሲገባ። ካርዱን አርሙልኝ ትላለች።»

ቀና አለ። «ልጅቷ? ምሳውን የምታመጣለት?»

«ታውቃታለህ?»

«ከፒያኖው ሥር ነበር የምትቀመጠው። ከዚያ ሆና ስንጫወት እግሬን ታየዋለች፤ በእግሬ ነው የምትቆጥረው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው…» እጁን ከመሬት ከፍ አድርጎ ዘርግቶ ቁመቷን አሳየ።

«አሁን ሃምሳ ዓመቷ ነው፣ አባዬ።»

የዘረጋው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።

ሰዓቷን አየችና ተነሣች። በመዝጊያው ሥር ጎንበስ ስትል ከኋላዋ ተናገረ። «ቁረጪው ልልሽ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።» ትንፋሽ ወሰደ። «ቁረጪም አልልሽም፣ ተዪውም አልልሽም። ፈሪ ሰው ለልጁ ትእዛዝ አይሰጥም። ብቻ… ሳክስፎኑ ይሰማል አልሽኝ፣ አይደል?»

«ይሰማል።»

ስትመለስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሰውን ሁሉ እየፈራች ነው የተራመደችው። ትራፊኩ ሲያፏጭ ደነገጠች፤ ጎረቤታቸው ከማዶ እጁን ቢያውለበልብ ወሬው ቀድሟት የደረሰ መስሏት አንገቷን ደፋች። የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ በሁለት ፖሊስ መካከል ሲሄድ ታያት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ታያት፤ ይኼኛው ባሰባት። ራሷን አየች፣ ከርሞ በዚሁ ወር፣ በኮሪደሩ አግዳሚ አጠገብ ቆማ «የለም፣ እትዬ» ስትል። ከዚያ ወዲያ ባለው ዓመትም እንዲሁ። እስከ ጡረታ። የአባቷን ፍርሃት ተቀብላ፣ ጠግና፣ ዘይት ሰጥታ ስታሠራው።

የማከማቻውን በር ስትከፍት የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አስፋልቱ ላይ ተፈነጠቁ።

የዝናብ ሴትዮ አግዳሚው ላይ ነበረች። ማኅደሯ ጭኗ ላይ ነው። ፀጉሯ ከአምና ይልቅ ሸብቷል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለች። «ዘንድሮ ቀድሜ መጣሁ መሰለኝ። ጉልበቴን ሲጠዘጥዘኝ ዝናቡ ደረሰ ብዬ ነው።»

«ደህና ነዎት፣ እትዬ?»

«እንዳለሁ አለሁ። ሥራ ፈትቼ አይምሰልሽ ደግሞ፤ የልጅ ልጄ 'አያቴ፣ የት ነው የምትሄጂው?' ስትለኝ 'አባቴን ላወጣ' እላታለሁ። 'ከየት?' ትለኛለች። 'ከወረቀት' እላታለሁ።» ሳቅ አለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእሳት ለኳሽ ልጅ ሲሉኝ አደግሁ፤ ለሷም እንዳይተርፋት ነው» አለች።

ባለሙያዋ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ገጠም አደረገች። ማያ ገጹ እንደተወችው ነው። ስድስት ኮረብታ፣ አንድ ጉብታ። ጉብታዋን በመዳፊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መረጠቻት፤ ሰማያዊ ሆነች። ጣቷ የመሰረዣው ቁልፍ ላይ አረፈ። በስህተት ቢጫንስ? ስህተት ቢሆን ማን ይፈርድባታል? ቴፑ አልቋል፣ ደንቡ ይህ ነው፣ አለቃዋ አዟል። ወንጀልም አይባልም፤ ሥራ ነው። አባቷም አንድ ሰው አልገደለም፤ በሩን ዝጋ፣ እርጥበት እንዳይገባ ነው ያለው። እሱም ሥራ ነበር።

ጣቷን ከቁልፉ አነሣች።

በመስኮቱ ስትመለከት ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው በዝናቡ ቆሟል። ጎኑ ላይ የመሣሪያ ቦርሳ አንጠልጥሏል። ጃንጥላ አልያዘም፤ ኮትም አልለበሰም። መኪናዎች ሲያልፉ ይሸፍኑታል፣ ካለፉ በኋላ ደግሞ ይታያል። መንገዱ ጭር አለ፤ አንድ እግሩን ከእግረኛ መንገዱ አወረደ፣ መለሰው። እንደገና ጭር አለ፤ እንደገና አወረደ፣ መለሰ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚህ ሆና አይሰማትም፤ ምን እንደሚል ግን ታውቃለች። አንድ፣ ሁለት፣ እም። ሦስት የምትባለዋን ለሳክስፎኑ ትቶለት ኖሮ ነው፤ ያኔ የሚገባለት ሰው ነበረው። አሁን የሚገባለት የለም።

በሩ ተንኳኳ። «ጆሮ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ» አለ አለቃዋ። ወደ ማተሚያ ቤት የሚልከውን ካርድ በእጁ ይዟል። «መድኃኒቴስ? ጭራውን ቆረጥሽው አይደል?»

ከጠረጴዛው ተነሣች። በአጠገቡ አልፋ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ድምፅዋ ኮሪደሩ ዳር ድረስ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ካርዱን አይላኩት። ጭራውን አልቆርጥም።» ወደ አግዳሚው ዞረች። «እትዬ፣ ይነሡ፣ ይግቡ። ጭራው ላይ ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ። ኮቱን የሚለብሰው የእርስዎ አባት ነው። ኮቱን የሚሰጠው የእኔ ነው።»